ከማጨሻው እስከ ሚዛኑ



ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ በእኛ መንደር በጾሬ የሚያልፍ ሰው በየጓዳው የሚሠራውን በዓይኑ ባያይ በአፍንጫው ያውቀዋል። በአንዱ ቤት የሰንደል እንጨት ከስኳር ጋር ይበስላል፤ በሌላው ቅርንፉድ ይወቀጣል፤ በሦስተኛው ለጁሙዓ የታጠበው ልብስ በቡኹር ይታጠናል። ይህ በአሶሳና በአካባቢው ባሉ ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ የኖረ፣ ድንበር ተሻግሮም ከሱዳን ወገኖቻችን ጋር የሚያገናኘን ልማድ ነው።

ባለቤቴ ቡኹርና ኹምራ ማዘጋጀት ከእናቷ ተማረች፤ እናቷም ከሐቦባዋ። ለሰርግ፣ ለአራስ ጥየቃ፣ ለረመዷን መቀበያ እየሠራች ለጎረቤት ስትሰጥ ኖራለች። አንድ ዓመት ግን ጎረቤቶቿ «ኻላ፣ ይህን እኮ ከገበያ በገንዘብ የሚገዙ አሉ፤ ለምን አትሸጪውም?» አሏት። ደስ አላት፤ 12 ብልቃጥ አዘጋጅታ እያንዳንዱን በ150 ብር ሸጠች። በጠቅላላው 1,800 ብር መሆኑ ነው። ኋላ አብረን ቁጭ ብለን ብናሰላው ለሰንደሉ 900፣ ለሽቶው ዘይት 650፣ ለስኳር፣ ለቅርንፉድና ለዱፍራ 240፣ ለከሰልና ለብልቃጡ 190፣ በድምሩ 1,980 ብር ወጥቷል። ሁሉም ቢከፍሏት እንኳ በ180 ብር ከስራለች። ከገዢዎቿም መካከል አምስቱ በዱቤ የወሰዱ ነበሩ፤ ማን ምን ያህል እንደወሰደ የተጻፈ ነገር አልነበረም። በዚያ ምሽት «ኡስታዝ፣ የልጆቹን ሒሳብ ስታርም ታመሻለህ፤ የኔን ማን ያርመው?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄዋ ነው ወደ ታሪክ መጻሕፍት የመለሰኝ። ቀደምቶቻችን መልካም ሽታን ከቤት አውጥተው ወደ ገበያ ሲያወርዱ እንዴት አድርገው ነበር? የት ላይ አተረፉ? የትስ ላይ ከሰሩ?

ከመዲና እንጀምር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሽቶን ይወዱ እንደነበርና ሽቶ ሲሰጣቸው እንደማይመልሱ በሐዲሥ ተረጋግጧል። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ዑድን አንዳንዴ ለብቻው፣ አንዳንዴም ከካፉር ጋር እያጨሱ ይታጠኑ እንደነበር፣ የአላህ መልእክተኛም (ሰ.ዐ.ወ) እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር መናገራቸውን ኢማሙ ሙስሊም ዘግበዋል። ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሐዲሥ የሚያስተላልፉት ኑዐይም ኢብኑ ዐብዲላህም «አል-ሙጅሚር» የሚለውን ቅጽል ያገኙት የነቢዩን መስጊድ በማጠናቸው ነው። ማጨሻ ይዞ መስጊድ ማጠን ለሐዲሥ ሊቅ መጠሪያ እስከመሆን የደረሰ ክብር ነበር ማለት ነው።

በዚያች ከተማ ሽቶ ንግድም ነበር፤ ነጋዴዋም ሴት ነበረች። ኢብኑ ሰዕድ ከዘገቧቸው ታሪኮች አንዱ የአስማእ ቢንት ሙኸርሪባ ነው። ይህች ሴት የአቡ ጀህል እናት ናት። በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) የኸሊፋነት ዘመን፣ ማለትም ከ634 እስከ 644 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ሌላው ልጇ ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓ ከየመን ሽቶ ይልክላት ነበር። እሷም በመዲና ለሴቶች ትሸጠዋለች። የሚገዟት ሴቶች የየራሳቸውን ብልቃጥ ይዘው ይመጣሉ፤ ትመዝንላቸዋለች፤ ዋጋውን ከመንግሥት የሚሰጠው ድርሻ እስኪደርስ በዱቤ ትተውላቸውና ዕዳቸውን ታስጽፋለች።

አንድ ቀን ከአንሷር ሴቶች ጋር ሩበይዕ ቢንት ሙዐውዊዝ (ረ.ዐ) ወደ እርሷ ሄደች። ሽቶው ተመዝኖ ብልቃጡ ከሞላ በኋላ ዕዳው ሊጻፍ ስሟን ስትናገር አስማእ ደነገጠች፤ የሩበይዕ አባት በበድር ዘመቻ አቡ ጀህልን ከመቱት ወጣቶች አንዱ ነውና። «የጌታውን ገዳይ ልጅ ነሽ» ስትላት፣ ሩበይዕ ደግሞ አባቷ የገደለው ጌታ ሳይሆን ባሪያ እንደነበር መለሰችላት። አንዷ ዳግም ላትሸጥ፣ ሌላዋም ዳግም ላትገዛ ማሉ። ሩበይዕ ሽቶውን ጭምር አናንቃ ወጣች። ካረጀች በኋላ ታሪኩን ስታወራ ግን እውነቱን ተናገረች፤ ከዚያ ሽቶ የበለጠ ሽታ በሕይወቷ እንዳላገኘች፣ ያንን ቃል ያናገራት ንዴት ብቻ እንደነበር ገለጸች።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሽቶው ጥሩ ስለነበረ ሴቶቹ ከየቤታቸው ተነሥተው ወደ እርሷ ይሄዱ ነበር። ሁለተኛ፣ ለሁሉም በእኩል ሚዛን ይመዘን ነበር። ሦስተኛ፣ ዱቤው ይጻፍ ነበር። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ ስለ ዕዳ መጻፍ ያዘዘበት አንቀጽ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ መሆኑን ልብ ይሏል። በሱረቱል ሙጦፊፊን መክፈቻም ሲሰፍሩ ለሚያጎድሉ የመጣው ማስጠንቀቂያ ብርቱ ነው። ባለቤቴን ያከሰራት የሽታ ጉድለት አልነበረም፤ የጎደላት ሚዛንና ብዕር ነበር።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በስድስተኛው ምእተ ዓመት፣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መላክ በፊት፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ መጥቶ የአክሱምን ንግድ በጽሑፍ ትቶልናል። የአክሱም ንጉሥ ሳሱ ወደምትባል የወርቅ አገር ነጋዴዎችን ይልክ እንደነበር ይናገራል። ነጋዴዎቹ በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዳሉ፤ በእሾህ አጥር ውስጥ ይሰፍራሉ፤ ሥጋውን፣ ጨዉንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰው መጥቶ በፈለገው ዕቃ ላይ ወርቅ አስቀምጦ ዞር ይላል። የዕቃው ባለቤት ወርቁ ከበቃው ያነሣዋል፤ ካልበቃው ይተወዋል፤ ያኛው ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይወስዳል። ቋንቋ ሳይግባቡ፣ ሳይጣሉ ይገበያያሉ። ሳሱ የዛሬው የቤኒሻንጉል አካባቢ እንደሆነ የሚገምቱ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ንግድ በመዋደድ ይሁን የሚለው የቁርኣን ትእዛዝ ከመውረዱ በፊት፣ መዋደድ ለንግድ መሠረቱ መሆኑን ሰዎች በተግባር ያውቁት ነበር።

ከዚያ በኋላ ከ1504 እስከ 1821 እ.ኤ.አ. የቆየው የፉንጅ ሱልጣኔት ከሴናር ሆኖ በዚህ አካባቢ ንግድ ላይ ተጽዕኖ ነበረው። እስልምናና ዐረብኛም ከነጋዴውና ከመሻይኹ ጋር እየዘለቁ መጡ። ጀላባ የሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎች ወርቅ ፍለጋ ወደ በርታ አገር ሲወጡ ባዶ እጃቸውን አልመጡም። በ1814 እ.ኤ.አ. ሼኽ ኢብራሂም በሚል ስም ይጓዝ የነበረው የስዊስ ሰው ቡርክሃርት የሸንዲን ገበያ አይቶ ዝርዝሩን ጽፏል። በሰዋኪን በኩል ከሕንድ የሚመጣ ሰንደልና ቅርንፉድ፣ ከግብፅ በኩል የሚመጣ ሱንቡልና ማሕለብ በዚያ ይሸጡ ነበር። የዛሬዋ እናት በጾሬ ጓዳዋ ካስቀመጠችው ዕቃ አብዛኛው ከ200 ዓመት በፊት በዓባይ ዳር ገበያ ላይ ተሰጥቶ ነበር ማለት ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ለቡኹር የሰንደል ፍላጭ ተሰነጣጥቆ ይዘጋጃል። ስኳር በጥቂት ውኃ በእሳት ላይ ይቀልጣል፤ ወፈር ሲል ፍላጩ ይገባበታል፤ እንዳያርር እየተማሰለ ስኳሩ እንጨቱን ይለብሰዋል። ከእሳት ሲወርድ የተወቀጠ ቅርንፉድና ዱፍራ ይነሰነስበታል። ዱፍራ የሚባለው ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚገኝ ጠንካራ ክዳን ሲሆን ተጠርጎና ተቆልቶ ይፈጫል። በመጨረሻ የሽቶ ዘይት ይርከፈከፍበትና በደንብ በሚከደን ዕቃ ይታፈናል። ኹምራ ደግሞ ከነዚሁ ቅመሞች ከማሕለብና ከሚስክ ጋር ተለውሶ የሚሠራ፣ የሙሽራ ወግ የሆነ ቅባት ነው። ይህ ሁሉ በእናት እጅ፣ በልምድ መጠን፣ «እስኪበቃው» እየተባለ ሲሠራ የኖረ ነው።

ታዲያ ታሪክ ስለዚህ እጅ ምን ጻፈ? በ1821 እ.ኤ.አ. የግብፁ ሙሐመድ ዐሊ ጦር ሴናርን ሲይዝ ዓይኑ በወርቁ ላይ ነበር። በ1898 እ.ኤ.አ. የአፄ ምኒልክ ጦር አካባቢውን ሲቆጣጠር፣ በግንቦት 1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ድንበሩ ሲሰመር፣ የአሶሳው ሼኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን ሲያስተዳድሩ፣ የሚነሣው ወርቅ ነበር። የወርቁ ወቄት ተመዝኖ በመዝገብ ሰፍሯል። የሴቶቹ ቡኹር ግን አልተመዘነም፤ በመዝገብም አልሰፈረም። ያልተጻፈ ሥራ ደግሞ ሥራ መሆኑ ይረሳል። ዛሬ ባል ሚስቱ ስትሠራ የዋለችውን እያየ «ቤት ነው የዋለችው» የሚለው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

መመዘን ብቻውንም አይበቃም። ይህን ከዝባድ ታሪክ እንረዳለን። አገራችን ለረጅም ዘመን ለዓለም የሽቶ ፋብሪካዎች ዋናዋ የዝባድ ምንጭ ነበረች። በጅማ፣ በሊሙ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ብዙ ሙስሊም ገበሬዎች ጥርኝን በጠባብ የእንጨት ቀፎ አስረው ሥጋና ገንፎ እያበሉ፣ በየዘጠኙ ወይም በየአሥራ ሁለቱ ቀን ዝባዱን በቀንድ ማንኪያ ይጠርጉ ነበር። ዝባዱ በበሬ ቀንድ ታሽጎ፣ በወቄት ተመዝኖ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሚዛን ነበረ፤ ዋጋም ነበረ። ሆኖም ሁለት ጉዳት ደረሰበት።

የመጀመሪያው ማጭበርበር ነው። ቅቤ፣ ማርና ሌላም ነገር እየቀላቀሉ ክብደቱን የሚያበዙ ነበሩና የገዢው እምነት ተሸረሸረ። ሁለተኛው፣ ዝባዱ ጥሬውን ብቻ መሸጡ ነው። ሽቶውን የሚቀምመው፣ በጠርሙስ የሚያሽገው፣ ስም የሚሰጠውና ዋናውን ትርፍ የሚወስደው የአውሮፓ ፋብሪካ ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. ሩዢችካ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ በዝባድ ውስጥ ሽታውን የሚሰጠውን ነገር ምንነት ገለጠ፤ በ1939 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች መካከልም የዚህ ዓይነት ምርምር ይገኝበታል። ከዚያ ወዲያ ፋብሪካዎች ሽታውን በቤተ ሙከራ መሥራት ሲችሉ የገበሬው ቀንድ ዋጋ አጣ። በእንስሳውም ላይ የሚደርሰው ስቃይ ሌላ ወቀሳ አመጣ፤ ለእንስሳ ማዘን ደግሞ ሃይማኖታችን የሚያዘን ነገር ነው። ጥሬ ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ሰው ገዢው የወደደ ዕለት ይፈልገዋል፤ ሌላ ያገኘ ዕለት ይተወዋል።

ለእኛ ክልል የቅርብ ጉዳይ የሆነው ግን ዕጣን ነው። የትግራይ ዕጣን በመባል በገበያ የሚታወቀውን የሚሰጠው ዛፍ በትግራይ፣ በመተማና በቋራ፣ በእኛም ክልል በጉባና በመሳሰሉት ቆላዎች ይበቅላል። ዝናም ሲያባራ የዛፉ ልጥ በትንሹ ይላጣል፤ የወጣው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀማል፤ ያው ቁስል ትንሽ እየሰፋ እስከሚቀጥለው ክረምት በተደጋጋሚ ይታደሳል። የተለቀመው በመጋዘን ውስጥ በደረጃ ይለያል፤ ይህን የሚለዩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። አንዷን ፍሬ በትልቅነቷና በንጣቷ ከሌላዋ እየለዩ ይውላሉ። ከዚያ ዕጣኑ በጆንያ ወደ ውጭ ይላካል። በዚያው ሳምንት እዚሁ ገበያችን ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በሚያምር ቆርቆሮ የታሸገ ቡኹር በውድ ይሸጣል። በአማርኛ ሰንደል የምንለውም ከሕንድ የሚመጣው ቀጭን ዘንግ ስሙን የወሰደው ከዚያው ከሰንደል ዛፍ ነው፤ ብዙው ግን ሰንደሉ በስሙ ብቻ ያለበት ነው።

ዛፉም አደጋ ላይ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የአገራችን ተመራማሪዎች ጭምር የተሳተፉበት አንድ ጥናት ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ በተባለ መጽሔት ታትሞ ነበር። ከተጠኑት 23 ደኖች ከሦስት አራተኛ በላይ በሆኑት ውስጥ ለጋ ዛፍ አልተገኘም፤ ለአሥርት ዓመታት አዲስ ዛፍ አልተተካም ማለት ነው። በዚህ ከቀጠለ የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ጥናቱ አስጠንቅቋል። ምክንያቶቹም ችግኙን የሚግጥ ከብት፣ የሰደድ እሳት፣ ግንዱን የሚበላ ነፍሳትና ዕረፍት የማይሰጥ ማድማት ናቸው። ዛፉን በየዓመቱ የሚያደማው ሰው ከአንድ ኪሎ የሚያገኘው ጥቂት ስለሆነ ብዙ ኪሎ ለማግኘት ይሯሯጣል። ከጥቂት ዕጣን በሥራ ብዙ ዋጋ የምታወጣ እጅ ብትኖር ግን ዛፉም ያርፋል፤ ቤተሰቡም ይጠቀማል። በየጓዳችን ያለው ሞያ ከጌጥነት የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ በቤቷ ቡኹር የምትሠራ እህት ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን ትውሰድ?

በመጀመሪያ ትመዝን። «እስኪበቃው» የሚለው ለስጦታ ይሆናል፤ ለሽያጭ ግን ዛሬ የገዛችው ነገ ያንኑ ሽታና ያንኑ መጠን ማግኘት አለባት። ሁለተኛ ትጻፍ፤ የገዛችውን፣ የሸጠችውን፣ በዱቤ የሰጠችውን። ዱቤ መጻፍ ጎረቤትን መጠራጠር አይደለም፤ ፍቅርን ከጥርጣሬ ማዳን ነው። ሦስተኛ እውነት ትናገር። የአገር ዕጣን ከሆነ የአገር ዕጣን ነው ትበል፤ «ከመካ የመጣ ነው» እያሉ መሸጥ የሚያስገኘው ብር በረካ የለውም። አራተኛ፣ የሚጎዳውን ታስጠንቅቅ። ጢስ ምንም ቢሸት ጢስ ነው፤ በተዘጋ ክፍል፣ በሕፃንና በአስም በሽተኛ አጠገብ አይጨስም፤ ፍሙም ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። አምስተኛ፣ ንግዷ አድጎ ኒሷብ ከሞላና ዓመት ከዞረበት፣ ከንግድ ዕቃዋና ከገንዘቧ ከመቶ ሁለት ተኩል ዘካ እንዳለባት አትርሳ።

ባሎችም ድርሻ አለን። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሱዳን ጦርነት ምክንያት በኩርሙክ በኩል ተሰደው ወደ ክልላችን ከገቡት ቤተሰቦች መካከል ብዙ እናቶች ሞያቸውን በእጃቸው ይዘው መጥተዋል። ቤትና ንብረት ሲቀር የማይቀር ሀብት ይህ ነው። እንዲህ ያለውን ሀብት «የሴቶች ነገር» ብለን ብናልፈው፣ የወርቁን ወቄት ጽፈው የቡኹሩን ከተዉት የቀድሞ መዝጋቢዎች በምን እንሻላለን?

የባለቤቴን ነገር ላጠቃልል። ሁለተኛውን ዙር ስትሠራ ከጎረቤት ትንሽ ሚዛን ተዋሰች። የሰንደሉን ገሚስ በአገራችን ዕጣን ተካችና ለገዢዎቿ ይህንኑ ነገረቻቸው። 15 ብልቃጥ እያንዳንዱን 50 ግራም አድርጋ በ200 ብር ሸጠች። ሽያጩ 3,000 ብር ሆነ፤ ወጪዋ 2,300 ብር ነበር። የ700 ብር ትርፍ ሀብታም አያደርግም፤ ግን ከየት እንደመጣ ታውቀዋለች። በዱቤ የሄዱት ሁለት ብልቃጦች በደብተሯ ላይ ተጽፈዋል፤ አንደኛው ተከፍሏል። ለሁለተኛዋ ባለዕዳ፣ የአራስ ቤት ስለሆነች፣ ምሕረት አድርጋ ሰረዘችው። «ያኔ ባልጽፈው ኖሮ ምሕረት ማድረጌን በምን አውቅ ነበር?» አለችኝ።

ከነገርኳት የታሪክ መጻሕፍት ሁሉ ይህን ቃሏን አብልጬ ወደድኩት። ሐሙስ ከዐስር በኋላ አሁንም ጓዳችን ይሸታል፤ ከማጨሻው አጠገብ ግን ሚዛንና ደብተር ተቀምጠዋል።

አላህ (ሱ.ወ) ሲሳያችንን ሐላል፣ ሚዛናችንን ትክክል፣ ቤታችንን መልካም ሽታ ያለው ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።